ሆድ ሳያብጥ፦ ስለ ጉበት ሕመም፣ ስለ ምስል ምርመራና ስለ አጥቢያችን ድርሻ

በወረታ ከተማ ለፎገራ ሜዳ አጥቢያዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር





የዛሬው ጉዳያችን ጉበት ነው። ርእሱን ያመጣው ከየአጥቢያው የሚደርሰን ደብዳቤ ነው። «ወንድማችን ሆዱ አብጦ ከሕክምና ተመልሷል፤ አዲስ አበባ ሄዶ ኤም አር አይ የሚባለውን ትልቁን ምርመራ እንዲያደርግ ምእመናንን አስተባብረን ገንዘብ እየሰበሰብን ስለ ሆነ ድጋፍ ይደረግልን» የሚል ነው። ለዚህ ሲባል በሬውን የሸጠ አለ፤ የሩዝ ማሳውን ለዓመታት ያከራየ አለ። ለታመመ ወንድም መድረስ ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ገንዘቡ ወጥቶ፣ ምስሉ በትልቅ ፖስታ ታሽጎ ቤት ከደረሰ በኋላ «አሁንስ ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

ስለዚህ ዛሬ ልናስጨብጣችሁ የምንሻው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ምርመራ ሁሉ የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። ጥያቄው ሳይለይ የተለመነ ምርመራ የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን በሽተኛውን አይረዳም። ጥያቄውም ሆድ ከማበጡ አስቀድሞ ሲጠየቅ መልሱ ይጠቅማል። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳውቃለን።

ጉበት ለምን ዝም ይላል?

ጉበት በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንት ሥር የተቀመጠ፣ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን የአካል ክፍል ነው። ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በእርሱ በኩል ያልፋል። ምግብን ያከማቻል፣ መርዝን ያከሽፋል፣ ሐሞትን ያመነጫል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ይሠራል። የጉበት ሥጋ ግን ሕመም አይሰማውም፤ ሕመም የሚሰማው ሽፋኑ ሲወጠር ነው። በዚያ ላይ ትርፍ ዐቅም ስላለው ብዙ ክፍሉ ተጎድቶ እንኳ ሰውየው ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ማሳ ውሎ ይገባል።

የጉዳቱ አካሄድ እንዲህ ነው። ቫይረስ፣ የትል እንቁላል፣ አልኮል ወይም ስብ ጉበትን ለዓመታት ሲያቆስለው የቁስሉ ቦታ በጠባሳ ይተካል። ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ ጉበት ይጠነክራል፣ ይጓጉላል፤ የዚህ የመጨረሻው ደረጃ ሲሮሲስ ይባላል። ደሙ የሚያልፍበት መንገድ ስለሚጠብ ወደ ኋላ ይገፋል። ያን ጊዜ ጣፊያ ያብጣል፤ በምግብ ቧንቧ ግድግዳ ያሉት የደም ሥሮች ተወጥረው ይፈነዱና ሰውየው ደም ያስታውካል፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» የሚለው የዓይን ቢጫነት ይታያል። ከመጀመሪያው ጠባሳ እስከዚህ ድረስ 10፣ 20፣ አንዳንዴም 30 ዓመት ይሄዳል።

ይህ ረጅም ጊዜ የተሰጠን ዕድል ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የጉበት ጠባሳ አንድ ጊዜ ከመጣ አይመለስም ተብሎ ለብዙ ዘመን ሲታመን ቆይቷል። ይሁን እንጂ በ2013 የታተመ ጥናት ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸውን 348 ሰዎች ቴኖፎቪር የተባለውን እንክብል ለ5 ዓመት ከወሰዱ በኋላ የጉበታቸውን ናሙና መርምሮ ነበር። ሲጀምሩ ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች ውስጥ 71ዱ ከዚያ ደረጃ ወጥተው ተገኝተዋል። ቴኖፎቪር በአገራችን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ለዓመታት ሲወስዱት የኖሩት መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጠባሳን በጊዜው ማግኘት ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው።

በሜዳችን ጉበትን የሚጎዱ ነገሮች

የመጀመሪያው ሄፓታይተስ ቢ ነው። በ2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ እንደሚለው በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ቫይረስ በደማቸው ነበረ፤ በሄፓታይተስ ምክንያትም በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠኑ ሊቃውንት ከ100 ሰው 7 ያህሉ ቫይረሱን እንደ ተሸከመ ገምተዋል። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በደም፣ በግንኙነት፣ በጋራ ምላጭና መርፌ ይተላለፋል፤ ንቅሳት፣ እንጥል ማስቆረጥና ባልተቀቀለ መሣሪያ ጥርስ ማስነቀልም መንገዶቹ ናቸው። አንድ ማዕድ በመቁረስ፣ በመጨባበጥ፣ አጠገብ ለአጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም። በሕፃንነቱ የተያዘ ሰው ከ10 ጊዜ 9ኙ በሽታው ሥር ሰዶ ይቀርበታል፤ በአዋቂነቱ የተያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያሸንፈዋል። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር ተዋሕዶ መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተወለድን ሁላችን፣ ማለትም ዛሬ አራሹም ቀዳሹም፣ በሕፃንነታችን ያልተከተብን ነን።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ፎገራ የውሃ አገር ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ሜዳውን አልብሰው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሩዝ በሜዳችን ሲስፋፋ ገበሬውም ቤተሰቡም ከውሃው ጋር ይበልጥ ተቆራኝቷል፤ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚውለው ብዙ ነው። በጣና ዙሪያ የአንጀት ቢልሃርዝያ መኖሩን ጥናቶች ደጋግመው አረጋግጠዋል። እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ወደ ውሃ ይገባል፤ የተፈለፈለው በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይዘልቃል። ትሎቹ በአንጀት ደም ሥሮች ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፤ ከእንቁላሉ ከፊሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀርና በዙሪያው ጠባሳ ያበቅላል።

ሦስተኛው የእኛው ልማድ ነው፤ አረቄና ሌላው መጠጥ፣ በከተማ ደግሞ እየጨመረ የመጣው ውፍረትና ስኳር በሽታ። ጫትም ከዚህ አይለይም፤ በሐረር በ2 ሆስፒታሎች 150 የቆየ የጉበት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከጉበት ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ሆድ ያበጠ ሁሉ የጉበት ሕመምተኛ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተነሣውን የካላዛር ወረርሽኝ የማያስታውስ ትልቅ ሰው እዚህ የለም። ካላዛር ጣፊያንና ጉበትን ያሳብጣል፣ ሥጋን ያመነምናል፣ ትኩሳቱም አይለቅም፤ በራሱ ምርመራ ይለያል፣ በራሱ መድኃኒትም ይድናል። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ቤት ማስተኛት፣ ወይም የጉበት ነው ብሎ ሌላ ምርመራ ማሳደድ ይህን የሚድን ሰው ይገድላል።

ማየት ወደ መለካት ሲሸጋገር

አሁን ወደዚያ «ትልቅ ምርመራ» እንምጣ። የጉበትን ጠባሳ ለማወቅ ለብዙ ዘመን ዋናው መንገድ በረጅም መርፌ ከጉበት ቅንጣት ሥጋ ወስዶ በማጉያ መነጽር ማየት ነበር። ቅንጣቷ ከጠቅላላው ጉበት 50,000 እጅ አንዱ ያህል ናት። ጠባሳ በጉበት ላይ እኩል ስለማይሰራጭ ይህ አንድ ጆንያ ሩዝ በአንድ ቆንጥር ጥሬ እንደ መመዘን ነው። መርፌው ያማል፤ አልፎ አልፎም ያደማል።

ኤም አር አይ ኃይለኛ ማግኔት ነው። ሰውነታችን ውስጥ ባለው ውሃና ስብ የሚገኘው ሃይድሮጅን በማግኔቱ መካከል ሲገባ እንደ ኮምፓስ መርፌ ይሰለፋል። በሬዲዮ ሞገድ ሲነካ ከሰልፉ ይወጣል፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ተመልሶ ይሰለፋል። ሲመለስ የሚሰጠውን ደካማ ምልክት መሣሪያው ሰብስቦ ምስል ይሠራበታል። እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረር የለበትም። ቀድሞ ምስሉን ሐኪም በዓይኑ አይቶ «ጠቆር ብሏል፣ ነጣ ብሏል» ይል ነበር። ዛሬ ግን በምስሉ ላይ ለእያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር መስጠት ተችሏል። ከሚለኩትም አራቱን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ ስብ። የውሃና የስብ ምልክት ስለሚለያይ መሣሪያው ሁለቱን ለይቶ ስቡ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ከ5 በመቶ በላይ ሲሆን ጉበቱ ስብ መያዝ ጀምሯል ይባላል። ሁለተኛ፣ ብረት። በጉበት የተከማቸ ብረት ምልክቱን ቶሎ ስለሚያጠፋው መጠኑ ይሰላል። ሦስተኛ፣ የሰልፉ መመለሻ ጊዜ። የቆሰለና ጠባሳ የያዘ ጉበት ወደ ሰልፉ ለመመለስ ይዘገያል፤ መዘግየቱ በሚሊሰከንድ ይለካል። ብረት ይህን ቁጥር ስለሚያሳጥረው አስቀድሞ ብረቱን ለክቶ ማረም ያስፈልጋል፤ የእንግሊዝ ኦክስፎርድ ሊቃውንት በ2014 ያሳተሙት ዘዴ ይህን የሚያደርግ ነው።

አራተኛውና ለጠባሳ ዋናው ጥንካሬ ነው። ከበሮ የሚመታ ዲያቆን የረገበና የተወጠረ ቆዳ ድምፁ እንደሚለያይ ያውቃል። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ እነ ሪቻርድ ኤማን በ1995 ይፋ ያደረጉት ዘዴ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በጎድን ላይ የሚቀመጥ ለስላሳ ሰሌዳ በሰከንድ 60 ጊዜ ይርገበገባል፤ ንዝረቱ በጉበት ውስጥ ሲያልፍ ኤም አር አይ ይከታተለዋል። ጉበቱ በጠነከረ መጠን ሞገዱ ይፈጥናል፤ ከፍጥነቱም ጥንካሬው ኪሎፓስካል በሚባል መለኪያ ይሰላል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር የጉበቱን ዳር ድንበር ይከልላል፣ ትልልቅ ደም ሥሮችን ያወጣል፣ የቀረውን በሺህ የሚቆጠር ነጥብ አስልቶ አማካዩን ይሰጣል፤ ጣፊያ ምን ያህል እንዳበጠም ይለካል። ሰውየው ምንም ሳይታመም ጠባሳው መጀመሩ፣ በመድኃኒት መቀነስ አለመቀነሱም በቁጥር ይታያል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ አናቃልለውም።

ነገር ግን ገደቡንም እንወቅ። መሣሪያው የሚገኘው በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። ኤም አር አይ አለ ማለትም ይህ የመለኪያ ፕሮግራምና ነዛሪው ሰሌዳ ተገጥሟል ማለት አይደለም፤ ተራው የሆድ ኤም አር አይ እነዚህን ቁጥሮች አይሰጥም። የምስል ትንተና የሚማረውም ካየው ነው። በብሪታንያ አንድ ሀገር አቀፍ ጥናት እስከ 2025 የ100,000 ሰዎችን አካል በምስል ሰብስቧል፤ ትንተናውም ከእንዲህ ያለው ሀብት ብዙ ተምሯል። በዚያ ውስጥ ሩዝ ማሳ ሲውል ቢልሃርዝያ የያዘው ገበሬ ጉበት እምብዛም የለም። ከሁሉም በላይ ቁጥሩ ጉበት ምን ያህል እንደ ተጎዳ ይነግራል፤ ለምን እንደ ተጎዳ አይነግርም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ሕመም መንደሮችን ሲያጠቃ መልሱ የተገኘው ማሳውን፣ እህሉንና ውሃውን በመመርመር ነበር፤ አጌራተም የሚባል መርዛማ አረም ዘሩ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ተገኝቷል።

የትኛው ምርመራ ለየትኛው ጥያቄ?

ጥያቄው «ቫይረሱ አለ ወይስ የለም?» ከሆነ መልሱ ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደም ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የትኛውም ምስል ይህን አይተካም።

ጥያቄው «ቫይረሱ አለ፤ ጠባሳ ጀምሯል ወይ?» ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ያወጣው መመሪያ ለእንደኛ ዐይነቱ አገር ሁለት መንገድ ያቀርባል። አንዱ ከተራ የደም ምርመራ፣ ማለትም ከአንድ የጉበት ኤንዛይምና ከፕሌትሌት ቁጥር፣ የሚሰላ ነጥብ ነው፤ ከ0.5 ከበለጠ ጠባሳው ሕክምና የሚሻ ነው ይባላል። ሌላው ፋይብሮስካን የሚባለው መሣሪያ ነው፤ ጎድን ላይ ቀስ ብሎ መታ አድርጎ የጉበትን ጥንካሬ ይለካል፤ ከ7 ኪሎፓስካል በላይ ሲሆን ሕክምና ይጀመራል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 የጀመረውና 1,300 ያህል የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማንን ያቀፈው መርሐ ግብር በፋይብሮስካን እየለካ መድኃኒት ለሚያስፈልጋቸው ሰጥቷል። ያለ ኤም አር አይ ይህን ያህል ሥራ በአገራችን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የሁለቱ መሣሪያዎች ቁጥር አይወዳደርም። በፋይብሮስካን 5 ኪሎፓስካል የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው፤ በኤም አር አይ ግን 5 የደረሰ ሰው ሲሮሲስ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ቦታ የመጣን ወረቀት አስተያይታችሁ «ዳነ» ወይም «ባሰበት» አትበሉ፤ ለሐኪሙ ተዉት።

ጥያቄው «ቢልሃርዝያ ጉበትን ጎድቶታል ወይ?» ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የቢልሃርዝያ ጠባሳ በደም ሥሮች ዙሪያ እንደ ቧንቧ ይጠቀለላል እንጂ የጉበቱን ሥጋ ያን ያህል አያጠቃም። በዚህ ምክንያት የጉበት የደም ምርመራ ደኅና ሊመስል፣ የጥንካሬ ቁጥሩም ከበሽታው ክብደት ያነሰ ሊወጣ ይችላል። የሚያጋልጠው የጠባሳው ቅርጽ ነው፤ ቅርጹን የሚያሳየው ደግሞ ተራው አልትራሳውንድ ነው። በ1996 በኒጄር ዋና ከተማ በኒያሜ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የአልትራሳውንድ ምስሎችን በቅርጻቸው በየደረጃው የሚለይ መመሪያ አዘጋጅተዋል። በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ያለ ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ለፎገራ ገበሬ ከሩቁ ኤም አር አይ የተሻለ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ጥያቄው «ሲሮሲስ ባለበት ጉበት ላይ ካንሰር በቅሏል ወይ?» ከሆነ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ማድረግ ይመከራል። በዚያ ላይ አጠራጣሪ እብጠት ሲታይ ነው ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ የሚታዘዘው። በዚህ ጊዜ ምርመራው ዋጋ አለው፤ አጥቢያችሁም ቢረዳ መልካም ያደርጋል።

የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ

እንበልና አንድ የ45 ዓመት ገበሬ ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ተገኘ። ሚስትና አምስት ልጆች፣ ሦስት ወንድሞችም አሉት። አጥቢያው ገንዘብ ሰብስቦ አዲስ አበባ ላከውና ኤም አር አይ ተነሣ። ውጤቱ «ሲሮሲስ» አለ። ይህን ግን ያበጠው ሆዱና የደብረ ታቦር ወይም የባሕር ዳር ሆስፒታል አልትራሳውንድ አስቀድመው ይናገሩ ነበር። ምክንያቱ ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ደግሞ ከወንድሞቹ አንዱ ሁለቱ ከእናታቸው ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ ሚስቱም እንዲሁ። እነርሱ ዛሬ ጤነኛ ይመስላሉ፤ ጠባሳቸው ገና ሊመለስ በሚችልበት ዘመን ላይ ናቸው። ገንዘቡ ሁሉ በአንዱ ምስል ስላለቀ ግን ማንም አልመረመራቸውም። ከ10 ዓመት በኋላ ስለ ወንድምየው ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፍልናል።

ይህ ሲባል በሽተኛው ይተው ማለታችን አይደለም። ለእርሱ ውሃውን የሚያቀልለት መድኃኒት፣ ቫይረሱን የሚያቆመው እንክብል፣ ደም እንዳያስታውክ የሚረዳው ሕክምና አለ። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤ የድጋፍ ጥያቄ ሲቀርብለት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ምርመራውን ያዘዘው ሐኪም ነው ወይስ ወሬ? የምርመራው ውጤት ሕክምናውን በምን ይለውጠዋል? ቤተሰቡ ተመርምሯል ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ ሐኪሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ መጠየቅም ነውር አይደለም። ሦስተኛው መልስ «አልተመረመረም» ከሆነ የመጀመሪያው ብር ለዚያ ይዋል።

ከአጥቢያችን የሚጠበቀው

አንደኛ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና ስለ ሄፓታይተስ በዐውደ ምሕረት ይነገር። በብዙ አጥቢያዎች ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርጉ መምከር ተለምዷል፤ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ይጨመርበት። ዓላማው ጋብቻን ለመከልከል አይደለም፤ አንዱ ቢገኝበት ሌላው በክትባት ይጠበቃልና። ነፍሰ ጡሮችም በእርግዝና ክትትላቸው እንዲመረመሩ፣ ሕፃናት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንታቸው ክትባታቸውን እንዳያቋርጡ የንስሐ አባቶች ይምከሩ።

ሁለተኛ፣ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ፣ ሁለቱ እንደማይቃረኑ በይፋ አስተምረዋል። ለጉበት ሕሙማንም ያው ነው። ቴኖፎቪር የጀመረ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ በድንገት ቢያቋርጥ ቫይረሱ አገርሽቶ ጉበቱን በሳምንታት ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል። በጸበል ቦታ የምታገለግሉ አባቶች «መድኃኒት ጀምረሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከጀመረ «ይዘህ ና» በሉት።

ሦስተኛ፣ ጾም። ሲሮሲስ የደረሰበት ሰው ሌሊቱን ሙሉና ከዚያም በላይ ያለ ምግብ ሲቆይ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ይበላል። የሐኪሙን ምክር ሰምተው እንደ ሕመምተኛው ዐቅም የሚወስኑት የንስሐ አባት ናቸው፤ ሕመምተኛው በራሱ ፈርቶ እንዳይጎዳ አስቀድማችሁ ጥሩት።

አራተኛ፣ ውሃው። ሰገራ ወደ ወንዝና ወደ ማሳ ካልገባ የቢልሃርዝያ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ የጉበት ጉዳይም ነው። ቀንድ አውጣ ሳይገባበት ሁለት ቀን ተቀድቶ የዋለ ውሃ ለገላ መታጠቢያ ከአደጋ ነጻ ነው። ለትሉ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለ እንክብል ሲታደል ልጆቻችሁን አታስቀሩ፤ በልጅነት የታከመ ሰው ጉበቱ ብዙ ጊዜ ያገግማል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው ያገኙትን ዕውቀት ዓለም አክብሮታል፤ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለውበታል። ያ ግኝት ከወንዝ ዳር፣ ከእናቶች እጅ ሥራ መነሣቱን አንርሳ።

አምስተኛ፣ በእርግጥ ኤም አር አይ የታዘዘለት ሰው ሲኖር አዘጋጁት። ለጉበት ምርመራ ጥቂት ሰዓታት ሳይበላ ይሄዳል። መሣሪያው በኃይል ይጮኻል፣ ጠባብም ነው፤ በየመካከሉ ለ15 ሰከንድ ያህል ትንፋሹን መያዝ ይኖርበታል፤ ቤት ይለማመድ። ብረት ወደ ማግኔቱ ክፍል አይገባም። የአንገት መስቀል፣ የእጅ መስቀል፣ ቀለበትና ሳንቲም ውጭ ይቀመጣሉ፤ በሰውነቱ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት ወይም የልብ መሣሪያ ካለ አስቀድሞ ይናገር። ብዙዎች የሚጨነቁበት ማዕተብ ግን ብረት የሌለበት የጥጥ ወይም የሐር ክር ከሆነ ማግኔቱ አይስበውም፤ ለባለሙያው አሳይቶ መጠየቅ ይበቃል። በዚህ ምክንያት ከምርመራ በር የሚመለስ ምእመን ሊኖር አይገባም።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ አንድ ቀን ጥንካሬን በቁጥር የሚለካው መሣሪያ ወደ እኛም ይቀርባል። ያን ቀን በደስታ እንቀበለዋለን፤ የፎገራ ሰው ጉበትም ከሚማርባቸው ምስሎች መካከል እንዲገኝ እንጠይቃለን። እስከዚያ ድረስ በእጃችን ያለው ትንሽ አይደለም። የጣት ደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ክትባት፣ እንክብል፣ መጸዳጃ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው የሚያምነው የካህን ቃል አለ። ከዚህ ስትመለሱ በየአጥቢያችሁ ባለፉት ዓመታት በጉበት ሕመም ያረፉትን አስቡ። ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን በስም ጻፉና በሚቀጥለው ወር ወደ ጤና ጣቢያ ሸኟቸው። ሥራው ከዚያ ዝርዝር ይጀምራል።